ባዶ የተባለው ሜዳ፦ በሞተር ሳይክል ከኦራል እስከ አልማቲ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

 

ዛሬ የምንጓዘው በመካከለኛው እስያ ነው፤ ያውም በሞተር ሳይክል። መነሻችን በምዕራብ ካዛክስታን የምትገኘው የኦራል ከተማ ናት። ከዚያ በአክቶቤ፣ በአራል፣ በባይኮኑር፣ በኪዚሎርዳና በቱርኪስታን አድርገን፣ ከቲየን ሻን ተራሮች ግርጌ ወዳለችው አልማቲ እንገባለን። መንገዱ ወደ 2,700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የምጠራቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ካዛክስታን 2.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት። ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ ተኩል ገደማ ትሆናለች ማለት ነው። ሕዝቧ ግን 20 ሚሊዮን አካባቢ ብቻ ነው። እንደኛው የባሕር በር የላትም፤ እንዲያውም የባሕር በር ከሌላቸው አገሮች ሁሉ በስፋት አንደኛዋ እሷ ናት። በሕዝብ ብዛት አንደኛዋ ደግሞ ኢትዮጵያ ናት።

ይህን አገር በአውሮፕላን ያቋረጠ ሰው ወደ ታች አይቶ የሚናገረው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ምንም የለም»። ሣር አለ፣ አፈር አለ፣ ሌላ ምንም የለም። በ20ኛው መቶ ዘመን በዚህ ምድር ላይ የደረሱት ከባድ ጉዳቶች አብዛኞቹ የመጡት፣ ሩቅ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ካርታ እያዩ «እዚያ ምንም የለም» ብለው ከወሰኑ ሰዎች ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ሞተር ሳይክል የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ሞተረኛ መስኮት የለውም። ነፋሱ ይገፋዋል፣ አቧራው አፉ ይገባል፣ የሣሩ ሽታ ሲለወጥ ያውቀዋል። ቤንዚኑና ውሃው የት እንደሚያልቅበት ሁልጊዜ እያሰላ ስለሚሄድ ምድሩን ሳያስተውል ማለፍ አይችልም።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ሜዳው ራሱ እናውራ። ስቴፕ የሚባለው ዛፍ አልባ የሣር ምድር ከምሥራቅ አውሮፓ፣ ከዳኑብ ወንዝ አካባቢ ተነስቶ እስከ ቻይናዋ ማንቹሪያ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ዛፍ የማይበቅልበት ምክንያት ቀላል ነው። ከውቅያኖስ በጣም የራቀ ነው፤ ደመናው እዚያ እስኪደርስ ዝናቡን ጨርሶ ይመጣል። ከደቡብ የሚመጣውን እርጥበት ደግሞ ረጃጅሞቹ ተራሮች ያግዱታል። በሰሜን ካዛክስታን በዓመት ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ ወደ አራል ስትወርዱ ከ150 በታች ይሆናል። ክረምቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ፣ በጋው ከዜሮ በላይ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚችለው ሣር ነው፤ ምክንያቱም የሕይወቱ ትልቁ ክፍል ከመሬት በታች፣ ሥሩ ውስጥ ነው ያለው። ላዩ ቢበላ፣ ቢቃጠል፣ በውርጭ ቢመታ ከሥሩ ተመልሶ ይነሳል።

እንግዲህ ይህን መንገድ ለመንዳት ጥሩው ጊዜ ግንቦትና ሰኔ፣ ወይም መስከረም ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ በረዶው ሲቀልጥ ከዋናው አስፋልት የወጣ ሰው ጭቃ ውስጥ ይሰጥማል። በሐምሌ ደግሞ ሙቀቱ ለሰውም ለሞተርም ይከብዳል።

ስለ ሞተሩ ምርጫ ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቅና ጉልበተኛ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በ2004 ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን የተባሉ ሁለት ተዋናዮች ከለንደን ተነስተው በካዛክስታንና በሞንጎሊያ በኩል እስከ ኒው ዮርክ ተጉዘዋል። ከ3 ዓመት በኋላ ከስኮትላንድ እስከ ኬፕ ታውን ሲነዱ በእኛም አገር አልፈዋል። በመጀመሪያው ጉዞ የያዟቸው ከባድ የቢኤምደብልዩ ሞተሮች ሞንጎሊያ ጭቃ ላይ ሲደርሱ እየወደቁ አስቸገሯቸው። የካሜራ ባለሙያቸው ሞተር ሲሰበርበት ጉዞውን የቀጠለው እዚያው በተገዛች ትንሽ የሩሲያ ሞተር ነው። ብቻህን የማታነሳውን ሞተር፣ ሰው በሌለበት ምድር ይዘህ አትሂድ። የኔ ምክር ይኸው ነው።

ከኦራል ወደ አክቶቤ፣ ከአክቶቤም ወደ አራል የሚነዳ ሰው ቀድሞ የሚተዋወቀው ከነፋሱ ጋር ነው። የሚሰብረው ዛፍ የለም፣ ጋራ የለም። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ፊዚክስ እንማር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢመጣበት፣ ደረቱን የሚመታው አየር በ110 ፍጥነት ነው። አየሩ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል የሚያድገው ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። 110ን ለ80 አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ ብታባዙት 1.9 ገደማ ታገኛላችሁ። በቀላል አነጋገር ሞተሩ ከአየሩ ጋር የሚያደርገው ትግል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በ100 ኪሎ ሜትር 4 ሊትር ትፈጅ የነበረች ሞተር አምስት ተኩል ልትጠጣ ትችላለች። ባለ 12 ሊትር ታንከር 300 ኪሎ ሜትር ያደርሰኛል ያለ ሰው 220 ሳይሞላ ይቆማል። ከአክቶቤ እስከ አራል 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የስቴፕ ሞተረኛ ማደያ ባየ ቁጥር፣ ታንከሩ ግማሽ ቢሆንም ይሞላል፤ ትርፍ ጀሪካንም ይይዛል።

ሙቀቱም የራሱ ትምህርት አለው። አየሩ ከቆዳችን ሙቀት ሲበልጥ ነፋስ በራሱ አያቀዘቅዝም፤ ያሞቃል። ሞቀኝ ብሎ ጃኬቱን አውልቆ የሚነዳ ሰው ላቡ ሳይታወቀው ተኖ ያልቅበታል፤ ውሃ ጥሙ የሚሰማው ከዘገየ በኋላ ነው። ብልሃቱ ከውስጥ የለበሱትን ሸሚዝ ውሃ ነክሮ ጃኬቱን ከላይ መዝጋት ነው።

ዋናው አውራ ጎዳና፣ ምዕራብ አውሮፓን ከምዕራብ ቻይና ለማገናኘት የተሠራው መንገድ፣ ዛሬ ጥሩ አስፋልት ነው። ወደ ጎን ወደ መንደሮቹ ሲታጠፉ ግን ፒስታ ይጀምራል። እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሸንተረር ሸንተረር የሠራ መንገድ የነዳ አድማጭ ምን እንደማወራ ያውቃል። የሚፈጠረው እንዲህ ነው፦ ጎማ ትንሽ ጉብታ ሲያገኝ ይዘላል፣ ሲያርፍ ይቆፍራል፣ የቆፈረውን አፈር ወደ ፊት ይገፋል። ቀጣዩ ጎማም እዚያው ላይ ይዘላል፣ እዚያው ላይ ይቆፍራል። ጎማ ቢፈነዳ ጎሚስታ ፍለጋ 200 ኪሎ ሜትር መሄድ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ከመነዳሪ መለጠፍ ሳይማሩ እዚህ መንገድ ላይ አለመውጣት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከአክቶቤ ወደ ደቡብ፣ የኢርጊዝ አካባቢ ስትደርሱ፣ ሞተሩን አቁማችሁ ዝም በሉ። ዕድል ከቀናችሁ ሳይጋ ታያላችሁ። ሳይጋ የሜዳ ፍየል የሚያህል አውሬ ነው፤ አፍንጫው ግን ትልቅ፣ ያበጠና ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። ያ አፍንጫ በበጋ አቧራውን ያጣራል፣ በክረምት ቀዝቃዛውን አየር ሳንባ ሳይደርስ ያሞቃል። በግንቦት 2015፣ እናቶቹ ሊወልዱ በተሰበሰቡበት ወቅት፣ በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከ200,000 በላይ ሳይጋዎች አለቁ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት ሳይጋዎች ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ገዳዩ ፓስቱሬላ የተባለ ባክቴሪያ ነበር። ይህ ባክቴሪያ እንስሳቱ ውስጥ ሳይጎዳቸው ይኖር የነበረ ነው፤ በዚያ ሰሞን የነበረው ያልተለመደ ሙቀትና እርጥበት ነው የቀሰቀሰው። ጥበቃው ግን አልተቋረጠም። በ2023 በተደረገው ቆጠራ በካዛክስታን ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሳይጋ ተገኘ። ባዶ በተባለው ሜዳ ላይ ይህን ያህል ነፍስ ይሰማራል።

ሰውም እንዲሁ። ካዛኮች ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ ሜዳ የኖሩት ከብቶቻቸውን እየነዱ፣ በጋ ወደ ሰሜን፣ ክረምት ወደ ደቡብ፣ አንዳንዱ ጎሳ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ነው። የቦረናን ወይም የአፋርን አርብቶ አደር የሚያውቅ አድማጭ ስሌቱ ወዲያው ይገባዋል፦ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብትል ሣሩ ያልቃል፣ ከሄድክ ሣሩ ያገግማል። የሶቪየት ባለሥልጣናት ግን ይህን እንቅስቃሴ ኋላ ቀርነት ነው አሉ። በ1920ዎቹ መጨረሻ አርብቶ አደሩን በግድ አሰፈሩት፣ ከብቱን ለጋራ እርሻና ለሥጋ ወሰዱበት። ከ10 እንስሳት 9ኙ ገደማ ጠፉ። ከ1930 እስከ 1933 በነበረው ረሃብ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከካዛክ ሕዝብ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ማለት ነው። ብዙዎች ወደ ቻይናና ወደ ጎረቤት አገሮች ተሰደዱ። ይህ ታሪክ በሶቪየት ዘመን በይፋ አይነገርም ነበር። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ግን ግንቦት 31 የመታሰቢያ ቀን ሆኗል። እኛ ረሃብን በስም ብቻ የምናውቅ ሕዝብ ስላልሆንን፣ በዚህ ሜዳ ላይ ስናልፍ ይህን ማወቅ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ መከራ የተረፈው ባህል ዛሬም መንገደኛን ይቀበላል። ሞተሩን በር ላይ ያቆመ እንግዳ ከየት መጣህ ከመባሉ በፊት ወተት የገባበት ሻይ ይቀርብለታል። በበጋ ደግሞ ኩምስ አለ፤ የፈረስ ወተት ነው፣ የቦካ። ባዝራ ጡቷ ትንሽ ስለሆነ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትታለባለች፤ ወተቱን እንድትለቅም ውርንጭላው አጠገቧ ይታሰራል። የፈረስ ወተት ከላም ወተት ይልቅ ስኳር ይበዛበታል፤ እርሾው ያንን ስኳር ነው ወደ ጥቂት አልኮልና ወደ ኮምጣጣነት የሚለውጠው። በጥንቱ ሥርዓት የሚቦካው ከፈረስ ቆዳ በተሠራ ትልቅ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱም በጢስ ይታጠናል። የወተት ዕቃ በወይራ የምታጥን እናት ይህን ብትሰማ እንግዳ አይሆንባትም። በደቡብ በረሃማው ክፍል ደግሞ የግመል እርጎ ይጠጣል፤ ሹባት ይሉታል።

አሁን አራል ደረስን። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ።

በ1960 የአራል ባሕር 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። በዓለም ካሉ ሐይቆች 4ኛው ነበር፤ የጣናን 20 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የአራል ከተማ ወደብ ነበረች፤ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ነበራት። በባቡር ጣቢያዋ ግድግዳ ላይ በጠጠር የተሠራ ሥዕል አለ። በ1921 ሩሲያ ስትራብ ሌኒን ለአራል ዓሣ አጥማጆች የእርዳታ ደብዳቤ እንደጻፈና እነሱም 14 ፉርጎ ዓሣ እንደላኩ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ሐይቁን የሚመግቡት ሁለት ወንዞች ናቸው፤ ሲር ዳሪያና አሙ ዳሪያ። ሞስኮ ላይ የተቀመጡ ዕቅድ አውጪዎች ወንዞቹን ወደ ጥጥ እርሻ አዞሯቸው። ሐይቁ እንደሚደርቅ ያውቁ ነበር፤ ከዓሣው ይልቅ ጥጡ ይሻላል ብለው ነው የወሰኑት። ቦዮቹ አብዛኞቹ ግድግዳቸው ያልተለበጠ ስለነበር ውሃው ማሳ ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ይሰርግ ነበር። ሐይቁ ሸሸ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሁለት ተከፈለ። ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ፣ መርከቦቹ ደረቅ መሬት ላይ ቀሩ። የደረቀው ወለል ዛሬ አራልኩም የሚባል አዲስ በረሃ ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ጨውና ከጥጥ እርሻ የመጣ የፀረ ተባይ መርዝ ያለበት አቧራ እያነሳ መንደሮቹ ላይ ይበትነዋል። በአካባቢው ለተስፋፋው የመተንፈሻ አካላት በሽታ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሞተረኛም እዚህ አካባቢ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን መንዳት የለበትም።

ደስ የሚለው ግን ታሪኩ እዚያ አለመቆሙ ነው። በ2005 ካዛክስታን በዓለም ባንክ ድጋፍ የኮካራልን ግድብ ሠራች። ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ከሲር ዳሪያ የሚመጣው ውሃ ወደ ደቡቡ ሰፊ ደረቅ ክፍል ፈስሶ እንዳይባክን በሰሜኑ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ ማቆየት። ውሃው ባለሙያዎች ከጠበቁት በብዙ ፈጥኖ ከፍ አለ። ጨዋማነቱ ወረደ። ከወንዙ የገቡ ዓሣዎች ተባዙ፣ አጥማጆች ወደ ጀልባቸው ተመለሱ፣ ዓሣ ማቀነባበሪያዎች እንደገና ተከፈቱ። በኡዝቤኪስታን በኩል ያለው የደቡቡ ክፍል ግን አብዛኛው ጠፍቷል፤ እዚያ አሁን የሚሠራው አሸዋውን ለመያዝ ሳክሳውል የተባለውን የበረሃ ዛፍ መትከል ነው። ለእኔ ከዚህ ጉዞ ሁሉ ትልቁ ቦታ ይህ ነው። የአንድን ሐይቅ ሞት የወሰነው የሰው እጅ ነበር፤ ከፊሉን ያዳነውም የሰው እጅ ነው፤ ሁለቱም የሆኑት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው።

ከአራል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲር ዳሪያን ተከትለን ስንነዳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደን ባይኮኑር እንደርሳለን። ሶቪየት ኅብረት በ1955 እዚህ የሮኬት ማስወንጨፊያ መሥራት ጀመረች። ባቡር ሐዲድ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ሜዳው ለሬዲዮ ምልክት ምቹ ነው፣ ሕዝቡም ጥቂት ነው ተባለ። በ1957 የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስፑትኒክ፣ በ1961 ደግሞ የመጀመሪያው የጠፈር ተጓዥ ዩሪ ጋጋሪን ከዚህ ተነሱ። ዛሬ ሩሲያ ቦታውን በዓመት 115 ሚሊዮን ዶላር ተከራይታ እስከ 2050 ይዛዋለች። ያለ ልዩ ፈቃድ ከተማዋ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ ሞተረኛው በአውራ ጎዳናው በኩል ያልፋል። የሮኬቶቹ የታችኛው ክፍል ነዳጁን ሲጨርስ የሚወድቀው ስቴፑ ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ ሮኬቶች ሲጠቀሙበት የቆዩት ነዳጅ ደግሞ መርዛማ ነው። የጋጋሪንን ስም ዓለም ሁሉ ያውቃል። ስብርባሪው የሚወድቅበትን የግጦሽ መሬት ባለቤት ግን ማን ያስታውሰዋል?

ኪዚሎርዳን አልፈን ቱርኪስታን ስንገባ ከሩቅ የሚታየን ሰማያዊ ጉልላት የኮጃ አህመድ ያሳዊ መቃብር ነው። ያሳዊ በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረ የሱፊ መምህርና ገጣሚ ነበር። ሕንፃውን በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያሠራው ድል አድራጊው ቲሙር ነው። ቲሙር በ1405 ሲሞት ሥራው ቆመ፤ በፊት ለፊቱ በኩል ግንበኞቹ የቆሙባቸው እንጨቶች እስከ ዛሬ ከግድግዳው ወጥተው ይታያሉ። ውስጡ 2 ቶን የሚመዝን፣ በ1399 የተሠራ የነሐስ ጋን አለ። በ1935 ወደ ሌኒንግራድ ሙዚየም ተወስዶ በ1989 ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። ሊጎበኝ የሚገባ ሞተረኛ የመንገድ ልብሱን ቀይሮ፣ በጸጥታ ይግባ፤ ለብዙዎች የጸሎት ቦታ ነው።

ከቱርኪስታን ቀጥላ ካለችው ከሺምከንት ከተማ እስከ አልማቲ ያለው ወደ 700 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በቀኝ በኩል በረዶ የለበሱ ተራሮችን እያሳየ ይሄዳል። ውሃ በዛ፣ ዛፍ በዛ፣ መንደር በዛ። እዚህ ላይ ቶሎ ልለፍና አልማቲ ልግባ፤ ምክንያቱም እዚያ ከእኛ አገር ጋር በእውነት የሚያገናኝ ታሪክ አለ።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪን አግኝቶ፣ በበቅሎ እየተጓዘ ከየገበሬው የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ። አገራችን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች አንዷ ናት ብሎ የመሰከረው ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው። በ1929 ደግሞ አልማቲ ደረሰ። ከከተማዋ በላይ ባሉት የተራራ ጥጎች የበቀለ የዱር ፖም ጫካ አየ፤ ፍሬው በመጠንም፣ በቀለምም፣ በጣዕምም እጅግ የተለያየ ነበር። የምንበላው ፖም መነሻው ይህ መሆን አለበት አለ። በ2010 የፖም ዘረ መል ሲነበብ ግምቱ ትክክል መሆኑ ታወቀ። ቫቪሎቭ ግን ይህን ለማየት አልበቃም። በ1940 በስታሊን መንግሥት ታሰረ። ለሰው ልጅ እህል ሲሰበስብ የኖረው ሊቅ በጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ምግብ ተነፍጎ ሞተ። አይማክ ጃንጋሊየቭ የተባለው ካዛካዊ ሳይንቲስት ፖሙን በማጥናትና እንዲጠበቅ በመወትወት ዕድሜውን ፈጀ።

ጫካው ዛሬም ከአደጋ አልወጣም። ከተማዋ ወደ ተራራው እየሰፋች ብዙውን ወስዳበታለች፤ የቀረው ከፊሉ በኢሌ አላታው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይጠበቃል። የዱሩ ፖም የሚበስለው ከነሐሴ ጀምሮ ነው። ስለዚህ በመስከረም የሚነዳ ሞተረኛ ሜዳውን በለዘበ አየር ያቋርጣል፣ አልማቲም ሲደርስ ፍሬውን ገና ዛፉ ላይ እንዳለ ያገኘዋል።

የዛሬው ዝግጅታችን እዚህ ላይ ያበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ከአልማቲ ተነስተን፣ በኪርጊስታን በኩል ወደ ፓሚር ተራሮች እንወጣለን፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሞተርም ሰውም አየር ሲያጥራቸው ምን እንደሚሆኑ እንማራለን። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)